ይሄ ቱርቦ ለላንድክሩዘሬ ይሆናል?

እንጦጦን በአሮጌ ናፍጣ ላንድክሩዘር የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ነዳጅ እስከ ወለሉ ይረገጣል። ሞተሩ ያጓራል። ከኋላ ጥቁር ጭስ ይንቦለቦላል። መኪናው ግን ማርሽ ካልተቀነሰለት ንቅንቅ አይልም። ይህን ያየ የጋራዥ ወዳጅ "ቱርቦ አስገጥምለትና ተገላገል" ይላል። ከዚያ ጉዞ ወደ ሶማሌ ተራ ነው። ከብረት ክምር መሃል ቀንድ አውጣ የመሰለ፣ ዘይት የጠገበ ነገር ይመዘዛል። "የላንድክሩዘር ነው፣ ኦሪጅናል!"

ሊሆን ይችላል። ግን የየትኛው ላንድክሩዘር? ከየትኛው ሞተር የወጣ? ብሎኑ ስለገባ ብቻ ቱርቦ ሆነ አይባልም። እዚህ ላይ አንድ ያገለገለ ቱርቦ እንዴት እንደሚለይና ለአሮጌ ሞተር ልኩ እንዴት እንደሚሰላ እናያለን። ለምሳሌ የምንይዘው ብዙዎቻችን የምናውቀውን 1ኤችዜድ ነው። ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በላንድክሩዘርና በኮስተር ላይ የተገጠመ፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ፋብሪካው ያለ ቱርቦ የሠራው ናፍጣ ሞተር ነው።

ቱርቦ ምንድን ነው የሚሠራው?

የአንጥረኛን ወናፍ አስቡ። ከሰሉ ያው ከሰል ነው፤ ወናፉ ሲነፋበት ግን ብረት ያግላል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ የሚያጥረው ነዳጁን የሚያቃጥለው አየር ነው። ቱርቦ የሞተር ወናፍ ነው። ይህን ወናፍ የሚነፋው ግን የሞተሩ የራሱ ጭስ ነው።

ቱርቦውን ስታዩት ሁለት ቀንድ አውጣዎች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀዋል። አንዱ ጥቁር፣ ብዙ ጊዜም የዛገ ብረት ነው። ይህ ሞቃቱ ጎን ነው፤ ተርባይን ይባላል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ እዚህ ገብቶ ትንሽ ፋን ያሽከረክራል። ሌላው ነጣ ያለ አልሙኒየም ነው። ይህ ቀዝቃዛው ጎን፣ ኮምፕሬሰሩ ነው። ሁለቱን ፋኖች አንድ ዘንግ ያገናኛቸዋል፣ ስለዚህ ጭሱ አንዱን ሲያዞር ሌላው ከውጭ አየር እየሳበ፣ እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ሊዞር ይችላል። በብዙዎቹ አሮጌ ቱርቦዎች ውስጥ ይህን ፍጥነት የሚሸከመው ቀጭን የዘይት ንጣፍ ነው።

አየሩ ከውጭው አየር በላይ የተጨመቀበት መጠን ቡስት ይባላል፤ የሚለካውም በባር ነው። አንድ ባር ማለት በባሕር ዳርቻ ላይ ያለው የአየር ግፊት ያህል ማለት ነው።

ደጋ ላይ ለምን ይበልጥ ያስፈልጋል?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሙሉ ሳንባ የሚተነፍስ ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ ሩብ ትንፋሹን ይነጠቃል። ፖምፓው ይህን የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ናፍጣውን እንደ ቆላው ይልካል። አየር ያላገኘው ናፍጣ በማርሚታ በኩል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያ የእንጦጦ ጭስ ማለት ነው።

ቱርቦን "የሩጫ መኪና ዕቃ" አድርገን የምናየው በስህተት ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ የሐሳቡን ፓተንት ያገኘው በ1905 (እ.ኤ.አ.) ነበር። መጀመሪያ በደንብ የተፈተነው ግን ተራራ ላይ ነው። በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። ከፍታው 4,300 ሜትር አካባቢ ነው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር እዚያ ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦው ሲገጠምለት ተመልሶ ከ350 በላይ ሰጠ። ቱርቦ ስሙን ያገኘው እንግዲህ ከፍታ የወሰደውን በመመለስ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ስሌቱ ላይ እንመለስበታለን።

በእጄ ያለው ቱርቦ የማን ነው?

መጀመሪያ ሰሌዳውን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ የብረት ቁራጭ ናት፤ በቀዝቃዛው ጎን ላይ በሪቬት ትያዛለች። በነዳጅና በጥርስ ብሩሽ አጽዱት። በብረት ብሩሽ ከፋቃችሁት ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል።

የቶዮታ ከሆነ ቁጥሩ የሚጀምረው በ17201 ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች የሞተሩን ቤተሰብ ይነግሯችኋል። 17201-68010 ከ12ኤች-ቲ የወጣ ነው፤ ያ የድሮው ባለ ቱርቦ 4 ሊትር የላንድክሩዘር ሞተር ነው። 17201-17010 ደግሞ የ1ኤችዲ-ቲ ነው፤ የእኛው 1ኤችዜድ ባለ ቱርቦ ወንድም ማለት ይቻላል። 54 ካያችሁ ከትንሹ የኤል ቤተሰብ የመጣ ነው፣ ለ4.2 ሊትር ሞተር ያንሳል።

ጋሬት ከሆነ ስድስት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ተጨማሪ ቁጥር ታያላችሁ፤ አጠገቡም ቲ3 ወይም ቲቢ03 የመሰለ የሞዴል ስም ይኖራል። በጣም ያረጁት ላይ "ኤርሪሰርች" የሚል ስም ሊኖር ይችላል፤ ያው ጋሬት ነው። የጀርመኑ ኬኬኬ ኬ24፣ ኬ26፣ ኬ27 እያለ ይጽፋል። የጃፓኑ አይኤችአይ አርኤችቢ5 እና አርኤችቢ6 ይላል። ሚትሱቢሺ ቲዲ04፣ ቲዲ05 ነው። የእንግሊዙ ሆልሴት ደግሞ ኤች1ሲ እና ኤችኤክስ35 የሚሉትን ይዟል፤ እነዚህ የጭነት መኪና ዘመዶች ናቸው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። "ሲቲ26 ነው" ሲባል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ሲቲ26 ግን የቶዮታ ቱርቦዎች የቤተሰብ ስም ነው። በናፍጣው 12ኤች-ቲ እና 1ኤችዲ-ቲ ላይ አለ። በቤንዚኑ ሱፕራ ላይም አለ። በሴሊካ ጂቲ-ፎር ላይም አለ። የአንዳንዱ ሴሊካ ሞቃት ጎን ጭስ የሚቀበለው በሁለት የተለያየ ቀዳዳ ነው። ስማቸው አንድ፣ ውስጣቸው ሌላ። አበበ የሚባል ሁሉ ዘመዳችሁ አይደለም።

ሰሌዳው ከሌለ ወይም ከተቀየረስ?

ይቀየራል። እኔ ራሴ አንዴ ሰሌዳውን አምኜ ገዝቼ፣ ስፈታው ውስጡ ያለው ፋን ከሰሌዳው ቱርቦ በግልጽ ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሻጩም ሳያውቅ ይሆናል፤ ከሁለት የሞቱ ቱርቦዎች አንድ ሕያው መሥራት የተለመደ ነው። ከዚያ ወዲህ ካሊፐር፣ ማለትም የስፋት መለኪያ፣ ሳልይዝ አልሄድም።

የምትለኩት የኮምፕሬሰሩን ፋን ነው፣ ሁለት ቦታ። አንደኛው አየር የሚገባበት የፊቱ ጠባብ ክብ ነው። ሁለተኛው የኋላው ሰፊ ክብ ነው፤ ለዚህኛው የአልሙኒየሙን ሽፋን መፍታት ያስፈልጋል። ትንሹን ለትልቁ አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ፣ ከዚያ በ100። የሚወጣው ቁጥር ትሪም ይባላል። ለምሳሌ በአሮጌ ቲ3 ላይ ፊቱ 46.5 ሚሜ፣ ኋላው 60.1 ሚሜ ሊሆን ይችላል። 46.5 ለ60.1 ሲካፈል 0.774 ይሆናል። በራሱ ሲባዛ 0.599። ስለዚህ ይህ "60 ትሪም" ነው። የኋላው ስፋት እኩል ሆኖ ትሪሙ ሲጨምር አፉ ሰፍቷል፣ ብዙ አየር ይውጣል ማለት ነው።

ሞቃቱ ጎን ላይ ደግሞ በብረቱ ውስጥ አብሮ የተቀረጸ ቁጥር ፈልጉ፤ .48 ወይም .63 ወይም .82 የመሰለ። ይህ ኤ/አር ይባላል። ጭሱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ስፋት ከዘንጉ ላለው ርቀት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ስሌቱን እርሱት፣ ትርጉሙን ያዙ። አትክልት የሚጠጣበትን የውሃ ጎማ አፍ በአውራ ጣት ስትጫኑት ውሃው ራቅ ብሎ ይረጫል፣ አይደል? ትንሽ ኤ/አር ያ አውራ ጣት ነው። ጭሱ በፍጥነት ይመታል፣ ቱርቦው ቶሎ ይነቃል። ግን ሞተሩ በኃይል ሲዞርና ጭሱ ሲበዛ ያው አውራ ጣት መውጫ ይዘጋል። ትልቁ በተቃራኒው ነው፤ ዘግይቶ ይነቃል፣ ላይ ሲደርስ ግን አያንቅም።

ሚትሱቢሺ ላይ ይህን የነጥብ ቁጥር ካጣችሁ አትደንግጡ። እዚያ 6፣ 7፣ 8 የሚል ይኖራል፤ የቀዳዳው ስፋት በካሬ ሴንቲሜትር ነው።

ትልቅ ነው የሚሻለው ትንሽ?

በምንጭ ውሃ ትልቅ ወፍጮ አይዞርም። ትልቅ ቱርቦም በትንሽ ጭስ አይነቃም። በ1973 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ቢኤምደብሊው 2002 ቱርቦ ከ2 ሊትር ሞተር 170 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር፤ ስሙ የተነሳው ግን ነዳጅ ተረግጦ ኃይሉ እስኪመጣ በሚያስጠብቀው ዝምታ ጭምር ነው። የስዊድኑ መኪና ሠሪ ሳብ በ1977 "99 ቱርቦ"ን ሲያሳይ እሱም ባለ 2 ሊትር ሞተር ነበር፤ ኃይሉ ግን 145 ብቻ። ሳቦች ትንሽ ቱርቦ መርጠው ግፊቱ ሲበዛ ጭሱን በጎን በሚያሾልክ በር ገደቡት። ያ በር ዌስትጌት ይባላል። በቁጥር ያነሰው መኪና በመንገድ ላይ ለመንዳት የተመቸው ሆነ። ዳገት ለሚወጣ፣ ጭነት ለሚጎትት ላንድክሩዘር መንገዱ የሳብ ነው።

የኔ ሞተር ስንት አየር ይፈልጋል?

እስክሪብቶ ያዙ፤ ከባድ አይደለም።

1ኤችዜድ 4.16 ሊትር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ያን ያህል አየር የሚስበው በሁለት ዙር አንዴ ነው። በደቂቃ 3,600 ዙር ሲዞር 4.16 ሲካፈል ለ2፣ ሲባዛ በ3,600፤ 7,500 ሊትር ገደማ ይሆናል። ሲሊንደሩ በእውነቱ ሙሉ በሙሉ አይሞላም፤ 85 በመቶ እንበል። 6.4 ሜትር ኩብ ቀረን።

ግን ነዳጅ የሚቃጠለው በአየሩ ክብደት ልክ ነው፣ ስለዚህ መመዘን አለብን። ባሕር ዳርቻ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ይመዝናል። አዲስ አበባ ላይ 0.9 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ ሞተሩ ቆላ ላይ በደቂቃ 7.6 ኪሎ አየር ይበላል፣ አዲስ አበባ ላይ 5.8 ኪሎ። ልዩነቱ 1.8 ኪሎ ነው። ከፍታው የወሰደብንም ይህንኑ ነው።

ይህን ለመመለስ ስንት ቡስት ይበቃል? ግፊቱ የጎደለው 0.25 ባር ስለሆነ 0.25 ይበቃል የሚል አለ። አይበቃም። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይሳሳል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ፓምፑ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። አሮጌ ኮምፕሬሰር 68 በመቶ ያህል ብቃት አለው ብለን ብናሰላ፣ ያ 7.6 ኪሎ የሚመለሰው 0.45 ባር አካባቢ ላይ ነው። የሞቀውን አየር እንደ ራዲያተር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ተገጥሞ አየሩ 40 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ግን ወደ 0.3 ባር ይበቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለአሮጌ ሞተር ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ ከትልቅ ቱርቦ በፊት ኢንተርኩለሩ ላይ አውጡት።

አሁን ወደ ቱርቦው እንመለስ። 7.6 ኪሎ አየር እዚህ ደጋ ላይ በቱርቦው አፍ ሲገባ 8.4 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። የቱርቦ ሠሪዎች ለእያንዳንዱ ኮምፕሬሰር ካርታ ያወጣሉ፤ በአግድም የአየር መጠን፣ በቁም የግፊት ምጣኔ። መሃሉ ላይ እንደ ኮረብታ የተጠቀለሉ መስመሮች አሉ፤ አናቱ ቱርቦው ደስ ብሎት የሚሠራበት ነው። ከኮረብታው ግራ ብትወድቁ አየሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ "ፉፍ፣ ፉፍ" ይላል፤ ሰርጅ ይባላል፣ ኩሽኔታውን ይደበድበዋል። ቀኝ ብትወድቁ ቱርቦው ይታነቃል፤ አየር ሳይሆን ሙቀት ይሠራል። የእኛ ስሌት 60 ትሪም ባለው ቲ3 ላይ ከመሃል ወደ ቀኝ ይወድቃል፣ ግን ይሠራል። 40 ወይም 45 ትሪም ከሆነ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። የ1ኤችዲ-ቲው ሲቲ26 ደግሞ ለዚሁ 4.2 ሊትር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ፣ ጤነኛ ከተገኘ ስሌቱን ሌላ ሰው ሠርቶላችኋል።

ጌጁ 0.6 ካለ፣ 0.6 ነው?

የግፊት ምጣኔ ያልኩት ከቱርቦው የሚወጣው ግፊት ወደ ቱርቦው ለገባው ሲካፈል ነው። ጌጁ የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ጅቡቲ ላይ ጌጁ 0.6 ሲል ቱርቦው 1.01ን ወደ 1.61 እያሳደገ ነው፤ ምጣኔው 1.59። አዲስ አበባ ላይ ያው 0.6፣ 0.76ን ወደ 1.36 ነው፤ ምጣኔው 1.79። ጌጁ አንድ ነው፣ ድካሙ ግን አንድ አይደለም። ቱርቦው እዚህ የበለጠ ይሽከረከራል፣ አየሩን የበለጠ ያሞቃል። ስለዚህ ከቆላ አገር የመጣ ምክር "እስከ 1 ባር ችግር የለውም" ሲላችሁ ከመቀበላችሁ በፊት የመከረው ሰው የት ሆኖ እንደሚነዳ ጠይቁ።

ሞቃቱ ጎን ልክ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

.48 ብዙ ጊዜ በ2 ሊትር ቤንዚን ሞተሮች ላይ የምናገኘው ነው። ለ4.2 ሊትር ናፍጣ በ.63 መጀመር ይሻላል፤ ቱርቦው ቶሎ ነቅቶ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ከታፈነ .82 መሞከር ነው። መታፈኑን በጆሮ አትገምቱ። ከቱርቦው በፊት ማኒፎልዱ (የጭስ መሰብሰቢያው ቱቦ) ላይ ትንሽ ቀዳዳ አስበስታችሁ ረዘም ያለ የመዳብ ቱቦና ጌጅ አስገጥሙ። የጭሱ ግፊት ከቡስቱ ጥቂት ቢበልጥ ያለ ነው። እጥፍ ከሆነ ተርባይኑ ጠቧል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከናፍጣ የወጣ ቱርቦ ቤንዚን ሞተር ላይ አታስገጥሙ። የቤንዚን ጭስ በጣም ይበልጥ ይሞቃል፤ 900 ዲግሪን ሊያልፍ ይችላል። የናፍጣው ብረት ለዚያ አልተሠራም፣ ይሰነጠቃል።

ከመክፈሌ በፊት በእጄ ምን ልፈትሽ?

ዘንጉን በጣታችሁ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ፣ ሳቡ። በእጅ የሚታወቅ እንቅስቃሴ ካለ ተዉት። ወደ ጎን ትንሽ መነቅነቁ ግን አያስፈራም። ዘይት በሌለበት ኩሽኔታው እንደዚያ ነው። ዋናው ፋኑ ግድግዳውን አለመንካቱ ነው፤ የተፋቀ ምልክት ካያችሁ ነክቷል። የፋኑን ጫፎች በባትሪ ብርሃን እዩ። አንድ የተጎረደ ጫፍ ካለ ሚዛኑ ተዛብቷል። መሃሉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ቁጠሩ፦ ሁለት ከሆኑ በዘይት ብቻ የሚቀዘቅዝ ነው፣ አራት ከሆኑ ውሃም ይፈልጋል።

ሞተሩስ ይችለዋል?

1ኤችዜድ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው በቴስታታው ውስጥ ባለ ትንሽ ክፍል ነው፣ መጭመቁም ከ22 ለ1 በላይ ነው። ለቱርቦ የሚሠሩ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ፒስተኑን ከታች በዘይት ፍንጣቂ ያቀዘቅዛሉ፣ መጭመቃቸውም ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ 0.45 ባር ላይ ቆሞ ከፍታ የወሰደውን መመለስ አንድ ነገር ነው፤ "ቱርቦ ስላለ ፖምፓውን ክፈትለት" ማለት ሌላ። ፒስተንና ቴስታታ የሚፈጀው በብዛት የተጨመረው ናፍጣ ነው። መጀመሪያ ፖምፓውን ሳትነኩ ንዱት። ጥቁሩ ጭስ ሲቀንስና ዳገቱ ሲቀል ታያላችሁ፤ ድሮ ሳይቃጠል ይወጣ የነበረው ናፍጣ አሁን እየሠራ ነው። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ከቱርቦው በፊት ማኒፎልዱ ላይ የጭስ ቴርሞሜትር ሳይገጠም የፖምፓው ብሎን አይነካ። 700 ዲግሪ አካባቢ የተለመደው ወሰን ነው።

የመጨረሻው የዘይት መመለሻ ቱቦ ነው። ሰፊ ይሁን፣ ሳይጠማዘዝ ቁልቁል ይውረድ። ከታጠፈ ወይም ከጠበበ ዘይቱ መውጫ አጥቶ በኮምፕሬሰሩ በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል፣ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ዘይትንም ያቃጥላል። ያኔ ቁልፉን ብትነቅሉም ሞተሩ አይጠፋም፤ እየጮኸ ዙሩን ይጨምራል። መኪናው ባለ ማንዋል ማርሽ ከሆነ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ፣ ትልቁን ማርሽ (አራተኛ ወይም አምስተኛ) አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ልቀቁት፣ ይታነቃል።